ቀይ የማያይ ፊልም፦ የድሮ የፋብሪካ ፎቶ እንዴት ይነሳ ነበር

የቀለጠ ብረት ከምድጃ ሲቀዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአካል ባይሆን በቴሌቪዥን ሳታዩት አትቀሩም። ጨለማው አዳራሽ በአንዴ ወገግ ይላል። ፍንጣሪው ወደ ላይ ይረጫል። አጠገቡ ያለ ሰው ፊቱን በክንዱ ይከልላል። እዚህ ቦታ የቆመ ፎቶ አንሺ ብርሃን ያንሰዋል ብሎ ማን ይገምታል?

ግን አነሰ። በ1927 መጨረሻ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማርጋሬት ቡርክ ኋይት የምትባል የ23 ዓመት ወጣት አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ኦቲስ ወደሚባል የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ካሜራዋን ይዛ ገባች። እሳቱን፣ ጭሱን፣ ፍንጣሪውን አነሳች። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ዓይኗን ያጥበረበረው እሳት ፎቶው ላይ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

ይህ ታሪክ በጣም ይገርመኛል። በፊልም ዘመን የተነሳ የፋብሪካ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዛሬ ስልካችንን አውጥተን «ቀጭ» እናደርጋለን፤ ያየነው ነገር እዚያው ይወጣል። በዚያን ጊዜ ግን ያዩትና ፊልሙ ላይ የሚቀረው የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ፎቶ አንሺው ነው። በምን እንደሚሞላው ልንገራችሁ።

ብረቱ ለምን ጠቆረ?

ፊልም ማለት በቀላሉ ጄላቲን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር ውስጥ የተበተነ የብር ጨው የተቀባ ስስ ነገር ነው። የሚቀባው ቀድሞ መስታወት ላይ ነበር፤ ኋላ ፕላስቲክ መሰል ነገር ላይ ሆነ። ብርሃን ያረፈበት ጨው ይለወጣል፤ በኬሚካል ሲታጠብ ያ ቦታ ይጠቁራል። ኔጋቲቭ የምንለው እሱ ነው። ወረቀት ላይ ሲታተም ደግሞ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይገለበጥና የምናውቀው መልክ ይመጣል።

ችግሩ የብር ጨው ሁሉንም ቀለም እኩል አለማየቱ ነው። በተፈጥሮው የሚነቃው ለሰማያዊ ብርሃን ነው። በ1873 ሄርማን ፎግል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ጨዉን ልዩ ቀለም ቢነክሩት አረንጓዴንም እንደሚያይ ደረሰበት። ቀይ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በ1920ዎቹ ቀይን የሚያይ ፊልም ተፈልስፎ ነበር፤ ሆኖም ፎቶ አንሺው ሁሉ በእጁ የሚይዘው ተራ ነገር አልነበረም። ብዙው ሰው የሚሠራበት ፊልም ለቀይ ጨርሶ አይነቃም።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጅ ይታተም በነበረበት ጊዜ ፎቶ ቤት ጓዳ የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቀይ አምፖል ይበራል። በዚያ ብርሃን ሰውዬው ወረቀቱን ያነሳል፣ ይነክራል፣ ያገላብጣል። ወረቀቱ አይቃጠልም፤ ምክንያቱም ቀዩን መብራት አያየውም። ለወረቀቱ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። አንጥረኛ የብረትን ግለት የሚለካው በቀለሙ ነው። መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ወደ ነጭ ይጠጋል። ሰማያዊ ብርሃን በብዛት እንዲወጣ ግን በጣም ከፍ ያለ ሙቀት ያስፈልጋል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከምድጃ የሚቀዳ ብረት ደግሞ 1,600 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ከብረቱ የሚወጣው አብዛኛው ጨረር ዓይናችንም የማያየው፣ ቆዳችን ብቻ እንደ ሙቀት የሚያውቀው ነው። የሚታየውም ክፍል ወደ ቀይና ብርቱካናማ ያደላል።

እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ እሳት ለፊልሙ እንደ ጨለማ ክፍሉ ቀይ አምፖል ነበር። ቡርክ ኋይት እሳት ፊት ቆማ ጨለማ ነበር የምታነሳው።

ብርሃን ተሸክሞ መሄድ

መፍትሔው ከሰው መጣ። ክሊቭላንድ የካሜራ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወዳጅ ነበራት። በእሱ በኩል ከአንድ ተጓዥ ሻጭ ጋር ተገናኘች። ሰውዬው ለሲኒማ ቀረጻ የተሠሩ ትልልቅ የማግኒዥየም ችቦዎች ይዞ ነበር። ማግኒዥየም ሲነድ የሚሰጠው ብርሃን ነጭ ነው፤ ሰማያዊም በደንብ አለበት። ፊልሙ የሚያየው ብርሃን ማለት ነው።

ብረቱ ሲቀዳ ችቦዎቹን ለኮሱ። ጭሱ፣ ክሬኑ፣ የተንጠለጠለው ግዙፍ ዕቃ፣ ሠራተኞቹ፣ ሁሉም በአንዴ ብቅ አሉ። እሷም ጠጋ ብላ አነሳች። ሙቀቱ ፊቷን እንደ ፀሐይ ቃጠሎ አቀላው፤ የካሜራዋም ቀለም አረፋ አወጣ። ይህን ራሷ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽፋዋለች።

በዚህም አላበቃም። ኔጋቲቩ ላይ ሥዕሉ ተገኘ፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ፈዘዘ። በእሳቱና በጥቁሩ ጥግ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ስለነበር ተራው የፎቶ ወረቀት ሊይዘው አልቻለም። ይህንንም የፈታው ሌላ ሻጭ ይዞት የመጣ አዲስ ዓይነት ወረቀት ነው። እኔን የሚማርከኝ ይኼ ነው። በታሪክ ስሟ የሚጠራው አንዲት ሴት ናት፤ ፎቶው ግን የሁለት ተጓዥ ሻጮች፣ የአንድ የሱቅ ሠራተኛ፣ ችቦ የያዙ እጆች ሁሉ ሥራ ነበር።

ብርሃን ተሸክሞ መሄድ በቡርክ ኋይት አልተጀመረም። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ናዳር የተባለው ዝነኛ ፎቶ አንሺ ከከተማዋ ሥር ወዳለው የአፅም ማከማቻ ዋሻ ባትሪና የኤሌክትሪክ መብራት ይዞ ወረደ። እዚያ ሠራተኞች አፅም በጋሪ እየገፉ ይደረድሩ ነበር። ናዳር ያንን ሥራ ማንሳት ፈለገ። መብራቱ ደካማ፣ የያኔው መስታወት ፊልም ደግሞ ዘገምተኛ ስለሆነ አንዱን ፎቶ ለማንሳት እስከ 18 ደቂቃ ይወስድበት ነበር። 18 ደቂቃ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አሻንጉሊት አቆመ። የሠራተኛ ልብስ አልብሶ፣ ጋሪውን አስይዞ። ያ ፎቶ ዛሬም አለ። ሠራተኛው ከጋሪው ኋላ ቆሟል፤ ሠራተኛው ግን ሰው አይደለም።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ፣ ኮርንዎል ውስጥ ጆን ቻርልስ ባሮው የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ገብቶ ማግኒዥየም እያነደደ ሠራተኞቹን አንስቷል። ሊያደርገው የቻለው ቦታው ስለፈቀደለት ነው። የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ቢሆን ግን ሌላ ነው። ከከሰል መካከል ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ሲደርስ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች፤ ይፈነዳል። ጉድጓዱ ውስጥ ክብሪት እንኳ ክልክል በሆነበት ቦታ ማግኒዥየም መለኮስ ሰው መግደል ነው። ከድሮ የከሰል ማዕድን ፎቶዎች ብዙዎቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተነሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፊታቸው በከሰል የጠቆረ ሰዎች ከአሳንሰሩ ሲወጡ ይታያሉ። ታች ምን ይመስል እንደነበር ግን አናይም።

የዱቄት ወፍጮም እንዲሁ አደገኛ ነው። አየር ላይ የሚንሳፈፍ ዱቄት በእሳት ይፈነዳል። በ1887 ጀርመን ውስጥ የተፈለሰፈው የብልጭታ ዱቄት ደግሞ ራሱ ባሩድ በሉት። ማግኒዥየም ኦክስጅን ከሚሰጥ ኬሚካል ጋር ተደባልቆ ዝርግ ብረት ላይ ይደረጋል፤ ሲለኮስ ቡም ይላል፤ ክፍሉ በነጭ ጭስ ይሞላል። እጃቸውንና ዓይናቸውን ያጡ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ጭሱ እስኪወጣ ድረስ ሁለተኛ ፎቶ ማንሳት አይታሰብም።

በ1929 ጀርመን ውስጥ የፍላሽ አምፖል ለገበያ ሲቀርብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ስስ የአልሙኒየም ቅጠል ኦክስጅን በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይነዳል። ጭስ የለም፣ ድምፅም የለም ማለት ይቻላል። ግን አንዱ አምፖል የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። 20 ፎቶ ለማንሳት 20 አምፖል ይዞ መሄድ ነው።

በዚህ አምፖል አንጀት የሚያርስ ሥራ የሠራው አሜሪካዊው ኦ. ዊንስተን ሊንክ ነው ባይ ነኝ። ከ1955 እስከ 1960 ድረስ በቨርጂኒያና በዙሪያዋ የሚሠራውን ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የሚባለውን የባቡር መስመር ተከታተለ። የእንፋሎት ባቡሮች ሊቀሩ የተቃረቡበት ጊዜ ነበር። ሊንክ የሚያነሳው በሌሊት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀን ላይ ፀሐይ የምትቆመው እሱ በፈለገበት አይደለም፣ ሐዲዱንም ማንቀሳቀስ አይችልም። በሌሊት ግን ብርሃኑ ሁሉ የእሱ ነው። በ1956 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያነሳት አንዲት ፎቶ አለች። ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሜዳ ላይ ሲኒማ ያያሉ፤ ከኋላ ባቡሩ ጭሱን እየተፋ ይበራል። ለዚያች ቅጽበት 43 አምፖል ፈነዳ። ሽቦው ከአንዱ ወደ አንዱ የተቀጣጠለ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አይበሩም። ባቡሩ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ፍላሹ ሲበራ የሲኒማው መጋረጃ ነጭ ሆኖ ስለጠፋ፣ መጋረጃው ላይ የምትታየውን አውሮፕላን ሊንክ ከሌላ ኔጋቲቭ ወስዶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጨመራት።

ይህ ማታለል ነው? እኔ እንደዚያ አላየውም። ዓይን መጋረጃው ላይ ሥዕል ያይ ነበር፤ ፊልሙ ግን ሊያየው አልቻለም።

ሠራተኛው ለምን ተገትሮ ቆመ?

የድሮ የፋብሪካ ፎቶ ላይ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ይታያሉ። መፍቻውን ይዞ ያቀረቀረው ሰው አንዲት ጡንቻ አይንቀሳቀስም። ማሽኑ ግን ጉም መስሏል። ሰው ይህን ሲያይ «የድሮ ሰዎች ፎቶ ይፈሩ ነበር» ይላል። ነገሩ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

መስኮቱ በጥላሸት የተሸፈነ፣ ጥቂት አምፖል የተንጠለጠለበት አዳራሽ አስቡ። በዚያ ብርሃን የዛሬ ስልክ በአንድ ሴኮንድ 150ኛ ክፍል ገደማ ፎቶውን ይጨርሳል። ለብርሃን ያለው ንቃት በዛሬው መለኪያ 25 ብቻ የሆነ ዘገምተኛ ፊልም የያዘ ሰው፣ የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አድርጎ ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ያለ ነገር ከፈለገ፣ እዚያው ብርሃን ላይ 8 ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋል። በ8 ሴኮንድ ውስጥ ሰው ይተነፍሳል፣ ያስነጥሳል፣ እጁን ያነሳል። የሚዞር መዘውርማ ስንት ጊዜ ይዞራል!

ሌላም ተንኮል አለበት። ብርሃኑ በጣም ሲያንስ ፊልሙ ይሰንፋል። ሒሳቡ 8 ሴኮንድ ቢልም በተግባር ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ይህን ስንፍና በ1899 በቀመር ያስቀመጠው ካርል ሽዋርዝሺልድ ነው፤ ኋላ በጥቁር ጉድጓድ ስሌቱ የታወቀው ጀርመናዊ የከዋክብት ተመራማሪ። የደብዛዛ ኮከቦችን ፎቶ ሲያነሳ ነው የደረሰበት። የፋብሪካ ፎቶ አንሺ ደግሞ ስሙን ባያውቀውም ነገሩን በኪሳራ ተምሮታል።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው ሠራተኛውን «አንዴ እንደዚህ ሆነህ ቁምልኝ» ይለዋል። ሰውዬውም ትንፋሹን ይይዛል። በ1920 ሉዊስ ሃይን ያነሳው፣ ትልቅ መፍቻ ይዞ የእንፋሎት ማሽን ላይ ያጎነበሰው መካኒክ በመላው ዓለም ይታወቃል። ጀርባው እንደ መዘውሩ ክብ ሆኗል። ያ አቋም ተመቻችቶ የተያዘ ነው። እንደዚያም ሆኖ የሰውዬው ክንድ እውነተኛ ነው፤ የለመደው ሥራም ያ ነው። ሥራውን ለፎቶው ሲል በዝግታ ደገመው ብንል ይቀላል።

ከዚህ ሌላ በየቀኑ የሚያታግለው ትንንሽ ነገር ነው። ማሽኑ ወለሉን ያንቀጠቅጣል፤ የካሜራው ማቆሚያ አብሮ ይንቀጠቀጣል። በክረምት ብርድ ከውጭ የገባ ሌንስ ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ላብ ያወጣል፤ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ትልቁ ካሜራ ፊልም የሚጎርሰው አንድ በአንድ ነው፤ ያለቀውን ለመለወጥ እጅ ብቻ የሚገባበት ጥቁር ከረጢት ውስጥ በዳሰሳ ይሠራል። የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ብናኙ እንደ በረዶ ይወርዳል። አንዲት ብናኝ ፊልሙ ላይ ካረፈች ፎቶው ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ ምናልባትም የሰው ዓይን ላይ። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ደግሞ ማታ ፊልሙ ሲታጠብ ነው። በዚያ ሰዓት ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ብረቱም ቀዝቅዟል።

ቡርክ ኋይት በ1929 ፎርቹን ለሚባለው መጽሔት ሥራ ጀምራ ቺካጎ ወደሚገኝ የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ ሄዳ ነበር። ተፈጭቶ እንደ ተራራ የተከመረ የአሳማ ተረፈ ምርት አነሳች። አብሯት የነበረው የመጽሔቱ ሰው ሽታውን መቋቋም አቅቶት ወጣ። እሷ ግን ብርሃኑ ስለሚያንስ ረጅም ጊዜ እዚያው መቆየት ነበረባት። ስትጨርስ የካሜራዋን ጨርቅና የመብራቱን ገመዶች እዚያው እንዲቃጠሉ ትታ ሄደች። ፎቶው ሽታ የለውም፤ የሚያምር የብርሃንና የጥላ ተራራ ነው።

በሩን የከፈተው ማን ነው?

እስካሁን ስለ ብርሃን አወራሁ። ፋብሪካ ግን የሰው ንብረት ነው፤ በር አለው፣ ዘበኛ አለው። ፎቶ አንሺው ፈቃድ ሳይኖረው ያን ሁሉ ኮተት ይዞ አይገባም። ትንሽ ካሜራ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሹልክ የሚባልበት ዘመን አልነበረም።

ቡርክ ኋይትን ያስገባት የኦቲስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ኤልሮይ ኩላስ ነው። ፎቶዎቹን ሲያይ ወደዳቸው፤ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ገዛ። ሥራዋ ግሩም ነው፤ ስለ እሳትና ብረት ውበት ከእሷ በላይ ያሳየ ብዙ የለም። ግን ፎቶዎቹን ደጋግማችሁ እዩ። ትልቁ ማሽኑ ነው። ሰው ካለ ጥግ ላይ ነው፤ ትንሽ ጥቁር ጥላ። በ1936 የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ሽፋን ላይ የወጣው የፎርት ፔክ ግድብ ፎቶዋም እንዲሁ ነው። ግዙፍ የኮንክሪት ዓምዶች ቆመዋል፤ እግራቸው ሥር ሁለት ሰዎች እንደ ጉንዳን ይታያሉ። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ያሉት የኮንክሪቱን ትልቅነት ለመለካት ነው።

ሃይን ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ከ1908 ጀምሮ የሕፃናት የጉልበት ሥራ እንዲቀር ለሚታገል ብሔራዊ ኮሚቴ ይሠራ ነበር። የእሱን ፎቶ የሚፈልግ የፋብሪካ ባለቤት የለም። ስለዚህ አንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዴ የፖስታ ካርድ ነጋዴ፣ አንዴ ማሽን ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ነኝ እያለ ይገባ ነበር። ማሽኑን ሊያነሳ መስሎ ልጅን አጠገቡ ያቆማል፤ «መጠኑ እንዲታወቅ ነው» ይላል። አለቃው ምን ይጠረጥራል? ሲከለከል ደግሞ በር ላይ ቆሞ የሥራ መውጫ ሰዓት ይጠብቃል። ልጆቹ ሲወጡ ያነሳቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነገሩ እየቀለለ መጣ። በ1954 ኮዳክ ትራይ ኤክስ የሚባለውን ፈጣን ፊልም ለትንሹ ካሜራ አወጣ። ቀይንም ያያል፣ በደካማ ብርሃንም ይሠራል። ፎቶ አንሺው ማቆሚያውን ጥሎ በእጁ ይዞ በሠራተኞች መካከል መሄድ ቻለ። በ1955 ዩጂን ስሚዝ የብረት ከተማ ወደምትባለው ፒትስበርግ ሲላክ የተጠየቀው በሦስት ሳምንት 100 ፎቶ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ቆየ፤ ከ10 ሺህ በላይ አነሳ። ከነዚያ አንዱ የብረት ሠራተኛ ነው፤ ፊቱ በጨለማ ተውጦ መነጽሩ ላይ የምድጃው ነበልባል ብቻ ይታያል። ስሚዝ ጨለማ ክፍል ሲገባ ቶሎ አይወጣም። የፎቶውን ጥቁር ያጠቁራል፤ ፊት ላይ ደግሞ በብሩሽ ኬሚካል እየነካ ያፈካል።

የቀለም ፊልም ሌላ ራስ ምታት አመጣ። ፍሎረሰንቱ፣ ብዙዎቻችን «ኒዮን» የምንለው፣ ለዓይን ነጭ ነው፤ ፊልሙ ላይ ግን አረንጓዴ ይሆናል። ሠራተኛው ሁሉ የታመመ ይመስላል። የሜርኩሪ መብራት ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይጎትታል፣ የሶዲየም መብራት ሁሉን ቢጫ ያደርጋል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስቱም ሲቀላቀሉ አንዱን በማጣሪያ መስታወት ቢያርሙት ሌላው ይበላሻል። ለረጅም ዘመን ብዙ ፎቶ አንሺዎች ፋብሪካን በጥቁርና ነጭ የመረጡት ለውበቱ ብቻ አልነበረም። ከ1986 ጀምሮ በብዙ አገሮች የጉልበት ሠራተኞችን ያነሳው ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶም፣ በ1984 የእኛን የረሃብ ዘመን ያነሳው ያው ሰው፣ በጥቁርና ነጭ ነው የሠራው።

አንድ ፎቶ ላሳያችሁና ላብቃ። ሃይን በኅዳር 1908 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በአንድ የጥጥ ፋብሪካ ያነሳው ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ረጅም የመፍተያ ማሽን አጠገብ ቆማለች። እንዝርቶቹ ተደርድረው እየራቁ ይሄዳሉ፤ ሩቁ ይደበዝዛል። ብርሃኑ ከመስኮት ነው። እጇ ማሽኑ ላይ ነው፤ አልተነቃነቀችም። ከፎቶው ጋር ሃይን የጻፈው አጭር ማስታወሻ አለ፦ ቁመቷ 48 ኢንች፣ የሠራችው ግማሽ ዓመት። 48 ኢንች ማለት 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ማሽኑ ፎቶው ላይ ግዙፍ ይመስላል። እውነት ግዙፍ ይሁን፣ ወይም ሌንሱ አግዝፎት ይሁን፣ ከሥዕሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የፋብሪካው ጠበቃም ይህንኑ ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሃይን ይህን ያውቅ ነበር። ከወለሉ እስከ እያንዳንዱ የሰደርያው ቁልፍ ያለውን ርቀት አስቀድሞ ለክቶ ይዞታል። ልጅ አጠገቡ ስትቆም አናቷ የትኛው ቁልፍ ላይ እንደደረሰ ያያል። ከዚያ እጁን ኪሱ ይከትና፣ አለቃው ሳያየው፣ ኪሱ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ቁጥሩን ይጽፋል።